የማን ግራ?

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እስካሁን አልቆረጠልኝም። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ሰው ቁጭ ብሎ «ትዝ ይለኛል» ሲል ትልልቆች ይስቃሉ፣ መሳቃቸውም አግባብ ነው። ደግሞም በታሪኩ ውስጥ የሞተ ሰው ወይም የተቃጠለ ቤት የለም። አንድ ጣት አንድ መስታወት ነካ፣ አንድ አፍ ደግሞ «ደህና ነበር» አለ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ።

እንደገና ያስጀመረኝ ባለፈው ሳምንት የሆነ ትንሽ ነገር ነው። በግቢያችን አዳራሽ ለአዲስ ተማሪዎች ዝግጅት ሊደረግ፣ ከምሳ በኋላ ወንበር እንደረድር ነበር። ዝግጅቱን የምትመራው ሰላም የምትባል የክፍሌ ልጅ ከመድረኩ ጥግ የተቀመጠውን ጥቁር ሣጥን ከላይም ከጎንም አገላብጣ አየችና፣ «ይሄ ሚክሰር የሚነካ ነገር የለውም እንዴ? በየት በኩል ነው ድምፅ የሚጨመረው?» አለች።

«በስልክ ነው» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ስልኬን ከሣጥኑ ዋይፋይ ጋር አገናኝቼ ሶፍትዌሩን ስከፍተው፣ ድሮ ያስቀመጥኳቸው ፋይሎች ተደርድረው ወጡ። ከሁሉም በላይ ያለው፣ በላቲን ፊደል፣ «ኅዳር ሚካኤል» ይላል። ሰላም በትከሻዬ በኩል አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የድሮ ነው።»

«አጥፋው እንግዲህ፣ እንዳያሳስትህ።»

ጣቴ ስክሪኑ ላይ ቆመ። አላጠፋሁትም። ያሳሳተኝ እሱ አልነበረም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሰፈራችን ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብላ አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ደብራችን ሚካኤል ነው። ከዓለት የተፈለፈለ አይደለም፤ ቆርቆሮ የለበሰ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ዙሪያውን ጽድና ወይራ ከቦታል። እንግዳ አገር አቋርጦ አይጎበኘውም። ሽማግሌዎቻችን «ዓለቱ በተፈለፈለ ጊዜ እኛን የቀሰቀሰን የለም» እያሉ ይቀልዳሉ። የጎደለንን በድምፅ ነው የምንሞላው። በኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ፣ በምዕራቡ በር ፊት ቆሞ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ከማዶ ቀበሌ ሳይቀር ሰው ይመጣል።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ የደብራችን ልጆች አዋጥተው ዲጂታል ሚክሰር ላኩልን። ሣጥኑ ሲከፈት ሰው ሁሉ ከቦ አየው። ከፊቱ የገመድ መሰኪያ ብቻ ነው፤ የሚሽከረከርም የሚገፋም ነገር የለውም። አብሮት አንድ ታብሌት መጥቷል። የደብራችን መሪጌታ፣ መሪጌታ ሐዲስ፣ ጎንበስ ብለው አዩትና፣

«ቁልፍ የሌለው መሣሪያ ልጓም የሌለው በቅሎ ነው። ማን ሊይዘው ነው?» አሉ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ፤ «አይ» ማለት አላውቅም ነበር። ሰው ደስ ሲለው ማየት እወድ ነበር፤ አሁንም እወዳለሁ። ይህ ጥሩ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወር በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ንጹሕ ደስታዬ እሱ ብቻ ነውና። ኔትወርክ የሚይዘው ከመንደራችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። እዚያ እየወጣሁ ሶፍትዌሩን በስልኬ ላይ ጫንኩ። ሚክሰሩ አጠገቡ ሳይኖር ለመለማመጃ እንዲከፈት ተደርጎ የተሠራ ነበር፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከታች የገብሱ አዝመራ እንደ ውኃ እየተወዛወዘ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማንም የማይዘምርባቸውን ቻናሎች ከፍ ዝቅ አደርግ ነበር። የቱ ወፍራሙን ድምፅ እንደሚቆርጥ፣ የቱ ቀጭኑን እንደሚያነሳ፣ አንድ ጊዜ የተስተካከለ ቻናል እንዴት እንደሚቀመጥና በኋላ በአንድ ንክኪ ሌላ ቻናል ላይ እንደሚጫን ተማርኩ። ውኃ በሌለበት በበጋ ዋና እንደሚለማመድ ሰው ነበርኩ። በጥቅምት መጨረሻ መንደሩ «ኢንጅነር» ይለኝ ጀመር። ስሜ ይትባረክ ነው፤ ግን ኢንጅነር ሲሉኝ ዞር እል ነበር።

አሁን ስለ ግራ ጌታ አያሌው ልናገር። በእኛ ደብር መሪጌታው መሐል ይቆማሉ፤ መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የቀኙን ረድፍ የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። ቀኝ ጌታው ምሥጋናው ጎልማሳ ነበር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ጎርፍ። ግራ ጌታው አያሌው ግን ያረጁ ሰው ናቸው፤ የመንደሩን መዘምራን ግማሹን ያስተማሩ እሳቸው ናቸውና ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ድምፃቸው ትልቅ ሆኖ አያውቅም። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ሲነሳ እንደ ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣና መጨረሻው ላይ ትንሽ ይታጠፋል። ያቺን መታጠፊያ ለመስማት ሲሉ የሚመጡ እናቶች ነበሩ።

በዚያ ጥቅምት ጉሮሯቸውን ታመሙ። ከዳኑ በኋላም ድምፃቸው ሳሳ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች በክብር «ይረፉ» ሊሏቸው ተመካክረው፣ «ለኅዳር ሚካኤል ይቁሙ፣ ከዚያ እናያለን» ብለው እንደተለያዩ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። እሳቸውም ሰምተዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ወደሚቀመጥበት ዕቃ ቤት መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ።

«ኢንጅነር፣ ይሄ ጥቁር ሣጥንህ ያረጀ ድምፅ ያድሳል?»

«የኔታ፣ ድምፅ አያድስም። ግን ያለውን ከፍ አድርጎ ያሰማል።»

«ያለውን ካሰማ ይበቃኛል። የሌለኝን እንዲጨምርልኝ አይደለም የመጣሁ።»

ማይክ ያዙና፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይበሉልኝ» አልኳቸው።

«ምን እቆጥራለሁ? ፍየል ጠፍቶብኝ ነው?» አሉና በዝግታ ዜማ ጀመሩ።

ረጅም ጊዜ ሠራሁላቸው። ለሳሳው ድምፅ ከመነሻው ጉልበት ጨመርኩለት፤ የሚጎረብጠውን ቆረጥኩ፤ መታጠፊያዋ የምትሰማበትን ቦታ በጣቴ ፈልጌ ጥቂት ከፍ አደረግሁት። ከአሮጌው ሞንታርቦ የወጣውን ድምፃቸውን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያንን ሁሉ «ግራ ጌታ» ብዬ በታብሌቱ ላይ አስቀመጥኩት። ሲወጡ፣

«እረፍት ለሞተ ሰው ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ሚካኤል ፊት ቆሜ ነው የማርፈው። እንግዲህ አንተ አለህ።»

«አለሁ፣ የኔታ» አልኩ።

ኅዳር አሥራ አንድ ከቀትር በኋላ ዕቃውን ግቢ ውስጥ ዘረጋን። ፀሐይ ቢኖርም ነፋሱ ጣት ይቆረጥማል፤ ከአውድማው የገብስ ገለባ ሽታ ይመጣል። የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚደርሰው እስከ ምዕራቡ በር ድረስ ብቻ ስለነበር፣ ጠረጴዛዬን በሩ ሥር፣ ታቦቱ ከሚቆምበት ቦታ ጎን አደረግሁ። ፊቴ ወደ ሕዝቡ ነው። ከፊቴ ሁለት የማይክ ማቆሚያዎች ቆመዋል፣ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። ሰው የለም፤ ግቢው ባዶ ነው።

ሶፍትዌሩ ላይ ከእያንዳንዱ ቻናል ሥር ስም የሚጻፍባት ትንሽ ሣጥን አለች። የመጀመሪያዋ ላይ «አያሌው» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። የኔታን፣ ያለ ማዕረግ፣ እንደ ጓደኛዬ፣ «አያሌው» ብዬ ልጽፍ? ሰው ቢያየውስ? «ግራ ጌታ አያሌው» ብዬ ሞከርኩ፤ ሣጥኗ ጠበበች፣ «ግራ ጌታ አ» ላይ ተቆረጠች። ተቆርጦ የቀረ ማዕረግ ደግሞ የባሰ ድፍረት መሰለኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ስም ትቼ፣ በአንዱ ሥር «ግራ»፣ በሌላው ሥር «ቀኝ» ብዬ ጻፍኩ። በአክብሮት ነው ያደረግሁት። ይህን ደጋግሜ ለራሴ ብነግረውም ነገሩን አያቀልልኝም።

«ግራ» ያልኩት በግራ እጄ በኩል የቆመውን ማይክ ነው። ያስቀመጥኩትን የየኔታን ድምፅ ማስተካከያ በእሱ ላይ ጫንኩ።

በእኛ ደብር ግራና ቀኝ የሚባለው ግን ወደ ታቦቱ ዞሮ ለቆመ ሰው ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስቆምበት ያደግሁት ነው። የእኔ ጀርባ ያን ቀን ወደ በሩ ነበር። በግራ እጄ በኩል የሚቆመው የቀኙ ረድፍ ነው።

በማግስቱ ግቢው ሞላ። ጧፍ ሻጩ፣ ሸንኮራ አገዳ ሻጩ፣ በቅሎውን ከወይራው ሥር ያሰረው፣ ነጠላው እንደ ደመና። የኔታ ድምፃቸውን ለቀኑ እንዲቆጥቡ ተብሎ ከማኅሌቱ ቀርተው ነበርና ሲመጡ የለበሱት ልብስ እንደታጠፈ ነው፣ ፊታቸው ያበራል። በአጠገቤ ሲያልፉ «ኢንጅነር» አሉና ሁለት ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ።

ወረቡ ተጀመረ። መሪጌታ ሐዲስ አነሱት፣ የቀኙ ረድፍ ተቀበለ። ቀኝ ጌታ ምሥጋናው አፉን ሲከፍት ሞንታርቦው ጮኸ፤ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነበር። ለሳሳ ድምፅ ያዘጋጀሁት ጉልበት በጎርፍ ላይ ተጭኖ ነው። ያኔ አላወቅሁም። ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ፣ አንድ በቅሎ ፈረጠጠ። መሪጌታ ሐዲስ መቋሚያቸውን ወደ እኔ አወዛወዙ።

«ቀኙን! ቀኙን ቀንሰው!»

«ቀኝ» የሚለውን ወደ ታች ሳብኩ። ፉጨቱ አልቆመም። እስከ መጨረሻው አወረድኩት፤ ከዚያም አልፌ ጭራሽ ድምፅ የሚዘጋውን፣ ሚውት የሚባለውን፣ ነካሁት። በዚያው ቅጽበት መሪጌታ ራሳቸው የምሥጋናውን ማይክ ከሞንታርቦው ፊት ገፋ አደረጉት፤ ፉጨቱ ጸጥ አለ። እኔ ያቆምኩት መሰለኝ። ላቤን ጠረግሁ። ኮራሁም።

ከዚያ የግራው ተራ ደረሰ።

የኔታ አነሱት። ከፊታቸው የቆሙት አፋቸውን ያያሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣ የለም፤ ረድፉም የሚቀበለው ድምፅ አጣ። ከበሮው ብቻ ይመታል። ተራው ወደ ቀኝ ሲመለስ ግቢው ነጎድጓድ ይሆናል፤ ወደ ግራ ሲሄድ ባዶ ጉድጓድ። አጠገባቸው ያሉት እንኳ በሞንታርቦው የደነቆረ ጆሯቸው ምንም አይዝም ነበር። ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው «ኧረ ግራው አይሰማም!» ብሎ ጮኸ። ታብሌቱን አየሁ። «ግራ» የሚለው ቻናል ላይ አረንጓዴው መብራት ከከበሮው ጋር ይጨፍራል። እጄን አንስቼ «ይሠራል፣ ይሠራል» ብዬ ምልክት ሰጠሁ። ዓይኔን ከመስታወቱ ላይ አንስቼ ሰዎቹን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ባያቸው ኖሮ ይበቃ ነበር።

በሦስተኛው ተራ ላይ የኔታ ጀምረው አቆሙ። እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ። ጸናጽላቸውን አጠገባቸው ለቆመው ሰጡና ከረድፉ ወጥተው፣ መቋሚያቸውን እየመረኮዙ፣ በሕዝቡ መሐል ሄዱ። ሰው መንገድ ከፈተላቸው። አንዲት አሮጊት «አዬ የኔታ፣ ድምፅዎ ከዳዎት» አሉ። በክፋት አልነበረም።

እውነቱን ያወቅሁት ዕቃ ስሰበስብ ነው። ታቦቱ ገብቷል፣ ሰው በየዛፉ ሥር ዳቦ እየቆረሰ ጠላ ይጠጣል። «ቀኝ» ብዬ ከጻፍኩበት መሰኪያ ገመዱን እየጠቀለልኩ ስሄድ፣ ገመዱ የኔታ ቆመውበት ወደነበረው ቦታ ወሰደኝ። ሣሩ ላይ የእግራቸውና የመቋሚያቸው ምልክት አለ። ቆሜ ግቢውን አየሁ፣ ከዚያ ወደ በሩ ዞርኩ፣ ከዚያ እጆቼን አየሁ። ግራዬ ቀኝ ሆነ። የዘጋሁት የየኔታን ማይክ ነው።

መሪጌታ ሐዲስ ከሰበካው ሰዎችና ከአዲስ አበባ ከመጡት ጋር ሆነው ጠሩኝ። የላኩት መሣሪያ እንዴት እንደሆነ ሊያዩ የመጡ ናቸው፤ አንደኛው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «ጎበዝ! ፉጨቱን እንዴት አድርገህ ያዝከው!» አለኝ።

መሪጌታ ግን ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ይትባረክ፣ በየኔታ በኩል የነበረው መሣሪያ ደህና ነበር?»

በስሜ ነው የጠሩኝ። ለመናገር አንድ ትንፋሽ የሚሆን ጊዜ ነበረኝ።

«ደህና ነበር» አልኩ።

«እንግዲያ እግዜር ነው የዘጋው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ትኩስ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ጥቁር አዝሙዱ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

የባሰው የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ማይክ ለየብቻው ይቀዳ ነበር፤ የሚቀዳው ደግሞ ድምፁ ወደ ሞንታርቦው ከመሄዱ በፊት ነው፤ ሚውት ቢደረግም ይቀዳል። ፋይሉን ከታብሌቱ ወደ ስልኬ አዛውሬ፣ ጉብታው ላይ ወጥቼ በጆሮ ማዳመጫ «ቀኝ» የሚለውን ከፈትኩ። የኔታ ነበሩ። ሙሉ ነበሩ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚታጠፍ። ሦስተኛው ተራ ላይ ሲያቆሙ፣ ማይኩ አጠገብ ሆነው በሹክሹክታ «ወሰድከው እንዴ?» ሲሉ ይሰማል። ለማን እንዳሉት አልጠራጠርም። የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።

ይህን ይዤ ሰባት ወር ኖርኩ። በጥር የሰበካው ጉባኤ ሌላ ግራ ጌታ ሾመ። የኔታ አልተቃወሙም። ቤታቸው ከትምህርት ቤት በምመለስበት መንገድ ላይ ነው፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ይጠሩኛል፤ መንገድ ብቀይር ሌላው መንገድ ገደል ነው። ድምፃቸውን ፈርተውት ነበር፤ ቀስ ብለው፣ እንደሚሰበር ዕቃ ይይዙት ነበር። አንድ ቀን፣ «አንተ ላይ ቅሬታ የለኝም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ያለውን አሰማለሁ አልከኝ፤ የለም ነበር፣ ምን ታሰማ?» ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ የሽንብራ ቆሎ እፍኝ ሙሉ ኪሴ ውስጥ ጨመሩልኝ። ከጉብታው ማዶ ስደርስ ቆሎውን ሜዳ ላይ በተንኩት። ልበላውም ልመልሰውም አልቻልኩም።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አርሶት፣ ጭቃው ጫማ እየያዘ፣ ገበሬው ሁሉ ከሞፈሩ ጋር ውጭ ነው። ለፈተና ልንሄድ ጥቂት ቀን ቀርቶናል። የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘውዴ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«የኔ ልጅ፣ ፈተናው መቼ ነው? የኔታህ ቀኑን አጣርተሽ ንገሪኝ ብሎኛል።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«ዳዊት ሲደግም ስምህን ይጠራልሃል። በሹክሹክታ ነው፤ እኔ ግን አጠገቡ ስለሆንኩ እሰማለሁ።»

ወደ ቤት አልሄድኩም። ተከትያቸው ሄድኩ። የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ምንም ሳልናገር ስልኬን አውጥቼ ጆሮ ማዳመጫውን ጆሯቸው ውስጥ አደረግሁና ከፈትኩት።

መጀመሪያ አላወቁም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንደ መምህር ሰሙ። «ማነው ይሄ? ደህና ይዞታል» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «እዚህ ላይ ቸኮለ።» ከዚያ መታጠፊያዋ መጣች። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ደረቀ።

«መቼ ነው?»

«የኅዳር ሚካኤል ነው፣ የኔታ። ድምፅዎ ነበረ። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ግራና ቀኙ ተምታታብኝ። መሪጌታ ሲጠይቁኝም ዋሸሁ።»

ስለ ሚውት፣ ስለ ጠባቧ ሣጥን፣ ስሙን ለምን እንዳልጻፍኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጆሮ ማዳመጫውን አውጥተው መዳፋቸው ላይ ያዙት። እትዬ ዘውዴ በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል።

«ስሜን መጻፍ አፈርክ» አሉ የኔታ በመጨረሻ። «ለማዕረጌ ተጨንቀህ። ማዕረጉ ይኸው ደህና ነው፤ የጠፋው አያሌው ነው።»

መሬት ላይ ወደቅሁ፤ ጉልበታቸውን ልስም ስል እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ተነስ። እኔን አትሳም። ሰባት ወር ሙሉ እግዜርን ‘ለምን ወሰድከው’ እያልኩ ስሟገተው ኖርኩ። እሱ ያልወሰደውን! ይቅርታ የምትለው እኔን ብቻ ይመስልሃል?» ከኅዳር ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ከፍ ሲል ግን መሐሉ ተሰነጠቀ። እሳቸውም ሰሙት፤ ዝቅ አደረጉት። «ያ መዝጊያው ምን ነበር ያልከኝ ስሙ?»

«ሚውት።»

«እሱን ሁለት ሰው ላይ ነው ያደረግኸው። እኔ ላይና አንተ ላይ። የእኔን እንተወው። ነገ ሕዝቡ ፊት የራስህን ክፈት።»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሕዝቡ የምናገረው እንዳለኝ ብነግራቸው፣ መሪጌታ ሐዲስ ማይኩን ሰጡኝ። ዝናብ ያዘለ ደመና ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ተቆልሏል። ኅዳር ከነበረው ሰው ግማሽ አይሆንም፤ ለእኔ ግን በዛብኝ። ተናገርኩ። ስሜን ከነአባቴ ስም ጠርቼ ምን እንዳደረግሁና ምን ብዬ እንደዋሸሁ ተናገርኩ። ድምፄ ከሞንታርቦው ወጥቶ ወደ ራሴ ሲመለስ ሰማሁት። የተሳደበኝ የለም። አንድ ሰው ብቻ፣ «ኢንጅነር!» አለ ከኋላ፤ ጥቂቶች ሳቁ፤ ያ ሳቅ ከስድብ ይልቅ ወጋኝ። ኅዳር ላይ «ድምፅዎ ከዳዎት» ያሉት አሮጊት ወደ የኔታ ሄደው እግራቸው ላይ ወደቁ። እኔ ያላገኘሁትን እሳቸው አገኙ፤ የኔታ አነሷቸውና ሳሟቸው።

ከዚያ የኔታ «መሣሪያውን ዝጉት» አሉ። ተነሥተው ያለ ማይክ ድምፃቸውን አነሱ። ሁላችንም ወደፊት ተጠጋን። ቀጥ ብሎ ወጣ። መታጠፊያዋ ላይ ሲደርስ ግን ተሰበረ። ሰባት ወር በሹክሹክታ የተያዘ ድምፅ እንደድሮው አልታጠፍ አለ። ቀኝ ጌታ ምሥጋናው፣ ያ ጎርፍ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ከሥር ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ይዞላቸው ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። የኔታ ተቀመጡ። መሪጌታ «ወደ ቦታዎ ይመለሱ» ሲሏቸው፣ «በቦታዬ የቆመ ሰው አላስነሣም» አሉ።

ኅዳር ላይ የዘጋሁት ድምፅ ጤነኛ ነበር። ሰኔ ላይ የከፈትኩት የተሰበረ ነው። ስህተቱ የአንድ ቀን ነበር፤ የሰበረው ዝምታዬ ነው። የኔታ ዛሬም አሉ፤ ተማሪ ያስተምራሉ፣ ዳዊታቸውን ጮክ ብለው ይደግማሉ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ ልሰናበታቸው ሄጄ፣ «መጣህ፣ ሚውት?» አሉኝና ሳቁ። ጉልበታቸውን አስሳሙኝ። ስሙ ግን አልቀረልኝም፤ እንዲቀርልኝም አልለመንኩም።

ባለፈው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ፣ ሰላም ከመድረኩ ሆና «የቀኙን ማይክ ትንሽ ቀንሰው» ስትለኝ፣ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«በማን ቀኝ?»

«እንዴ! ቀኝ ቀኝ ነዋ!»

«በአንቺ ነው በእኔ?»

ሳቀችብኝ። ሄጄ ማይኩን የያዘውን ልጅ ስሙን ጠየቅሁትና ከቻናሉ ሥር ጻፍኩት። የሌሎቹንም ጠይቄ ጻፍኩ። መምህራችን ንግግር ሊያደርጉ ሲወጡ ለአፍታ እጄ እንደ ድሮው ቆመ፤ ከዚያ ያለ ማዕረግ፣ ስማቸውን ብቻ ጻፍኩ፣ ቀና ብዬም አየኋቸው።

«ኅዳር ሚካኤል» የሚለው ፋይል አሁንም ስልኬ ላይ አለ። እንደ ስሙ ኅዳር አሥራ ሁለትን ነው የያዘው፤ ነገሩ ግን ያን ቀን አላበቃም። ያበቃው ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ነው፣ ረፋዱ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጥል።